ኮምፒውተሩ ቀጥ ሲል፦ የአሮጌ ላፕቶፖቻችን ነገር

ባለፈው የበረዶ ወራት፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጠራ። የደወሉት የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። ሁላችንም "ጋሼ" እያልን ነው የምንጠራቸው።

"ልጄ፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ ሌባ ገብቷል መሰለኝ። ከቻልክ ቶሎ ድረስልኝ" አሉኝ።

መደንገጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ሳምንት ከእድሩ አባላት አንዱ አርፈው፣ አስከሬናቸውን ወደ አገር ቤት ለመላክ መዋጮ እየተሰበሰበ ነበር። ማን ስንት ሰጠ፣ ማን በጥሬ ገንዘብ፣ ማን በቼክ፣ ማን በስልክ ላከ የሚለውን ዝርዝር ጋሼ ከቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ወደ ላፕቶፓቸው ሲገለብጡ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጠዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለኮሚቴው ማቅረብ ነበረባቸው።

ቤታቸው አውሮራ ነው፤ ከሃቫና ጎዳና ብዙም አይርቅም። ስደርስ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው። የ11 ዓመት የልጅ ልጃቸው ሶፋው ጥግ ላይ ተኮራምቶ ያለቅሳል። ነገሩን ቀስ ብዬ ስጠይቅ ታሪኩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ ሻይ ሊቀዱ ሲነሱ ልጁ ጠጋ ብሎ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛው "ይቺን ጻፍና የሚሆነውን እይ" ያለውን አንድ አጭር መስመር ጻፈ። ምንም አልጮኸም፤ አስፈሪ ምስልም አልመጣም። ኮምፒውተሩ ግን ቀጥ አለ። የማውሱ ቀስት ይንቀሳቀሳል፤ የሚከፈት ነገር የለም። ጋሼ ሴቭ ለማድረግ ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ሌላ ፋይል ለመክፈት ሞከሩ፤ እሱም እምቢ አለ። በመጨረሻ ማጥፊያውን ለረጅም ጊዜ ተጭነው አጠፉት። እንደገና ሲያበሩት ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ዝርዝሩ ግን የለም። የሚጽፉበት የድሮ የአማርኛ ፕሮግራም በራሱ ሴቭ የሚያደርግ ዓይነት አልነበረም።

ሌባ አልገባም። ቫይረስም የለም። ጋሼ ቤት የደረሰው ነገር በእኛ ሙያ የራሱ ስም አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን እኛ ባለሙያዎቹ ራሳችን "ቀላል ነው" ብለን እናልፈዋለን። ዛሬ ስለእሱ ላውጋችሁ።

መዝገቡን ይዞ የሄደው ሰው

የኮምፒውተር ደኅንነት ስንል አብዛኞቻችን የሚታየን ስርቆት ነው፤ የይለፍ ቃል ሲሰረቅ፣ የባንክ ሒሳብ ሲራቆት። ባለሙያዎች ግን ሦስት ነገሮችን ነው የሚጠብቁት። አንደኛው ምስጢር ነው፤ የማይመለከተው ሰው እንዳያይ። ሁለተኛው ትክክለኛነት ነው፤ ማንም እንዳሻው እንዳይለውጠው። ሦስተኛው ደግሞ ባለቤቱ በፈለገበት ሰዓት ማግኘት መቻሉ ነው። ይህ ሦስተኛው ሲጣስ አገልግሎት መከልከል ይባላል። ምንም አልተሰረቀም፣ ምንም አልተቀየረም፤ ነገር ግን ዕቃህ እያለህ አትጠቀምበትም።

የጋሼ ላፕቶፕ የሚሠራው በዊንዶውስ 7 ነው። አፕዴት የሚባለውን ነገር ካጠፉት ዓመታት አልፈዋል፤ "ሁልጊዜ ቸኩዬ ስከፍተው ነው የሚጀምረኝ" ይላሉ። ልጁ የጻፈው መስመር ደግሞ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 በዓለም ዙሪያ የተወራለት ስህተት ነው። ስህተቱ የነበረው በዊንዶውስ ቪስታ፣ በዊንዶውስ 7 እና በዊንዶውስ 8.1 ላይ ነው። በጊዜው አዲስ በነበረው ዊንዶውስ 10 ላይ አይሠራም ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ የዊንዶውስ ዲስክ ላይ ኤም ኤፍ ቲ የሚባል የተደበቀ ፋይል አለ። ይህ ፋይል የዲስኩ ዋና መዝገብ ነው። የትኛው ፎቶ የት እንደተቀመጠ፣ የትኛው ደብዳቤ ስንት ገጽ ቦታ እንደያዘ፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። አንድ ፋይል ሲከፈት፣ ሲቀመጥ ወይም ሲጠፋ ሲስተሙ መጀመሪያ ይህን መዝገብ ያያል። ተጠቃሚ በቀጥታ ሊከፍተው ቢሞክር ይከለከላል፤ ይህ ተገቢ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ይህ ፋይል ፎልደር እንደሆነ አስመስሎ "በውስጡ ያለውን እገሌን ክፈትልኝ" የሚል ሰው ሲመጣ ነው። ሲስተሙ ጥያቄውን ለማስተናገድ መዝገቡን ለራሱ ይቆልፋል። ከዚያ ጥያቄው ስህተት መሆኑን ያውቅና ይተወዋል፤ ቁልፉን ግን መመለስ ይረሳል።

እስቲ ወደ እድር አምጥተን እንየው። የእድሩ መዝገብ በአንድ ቁም ሣጥን ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ አንድ ነው። አንድ ሰው መጣና የሌለ ስም ጠየቀ። ጸሐፊው ቁልፉን ይዞ ገባ፣ ስሙን አጣው፣ "የለም" አለና ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ከእሱ በኋላ የመጣ አባል ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። መዋጮ ሊከፍል የመጣም ይጠብቃል፤ ለቅሶ ሊናገር የመጣም ይጠብቃል። ቁም ሣጥኑ አልተሰበረም፤ ከመዝገቡ አንድ ቅጠል አልጎደለም። ቤቱ ግን ሥራ አቁሟል። ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔውም አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ይሄዳል።

ነገሩ አዲስ አይደለም

ዕድሜያችን ከፍ ያልን ዊንዶውስ 95ን እና ዊንዶውስ 98ን እናስታውሳለን። በእነዚያ ላይም ተመሳሳይ ጉድ ነበር። በድሮው የዶስ ዘመን አንዳንድ ስሞች ለዕቃዎች ተሰጥተው ነበር። ለምሳሌ "ኮን" የሚለው ስም ለኪቦርዱና ለስክሪኑ የተያዘ ነው። አንድ ሰው በፋይል አድራሻ ውስጥ ይህን ስም ሁለት ጊዜ ደርቦ ከጻፈ፣ ሲስተሙ ግራ ገብቶት ያንን ሰማያዊ ስክሪን አምጥቶ ይወድቅ ነበር። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በማርች 2000 ነው። ማስተካከያውን ያልጫነ ማሽን ግን በሁለት ቃላት ይወድቅ እንደነበረ ቀረ።

የዚያ ዘመን ትዝታ ዛሬም አልጠፋም። አዲስ በሆነው ዊንዶውሳችሁ ላይ አዲስ ፎልደር ክፈቱና በእንግሊዝኛ ፊደል ኮን ብላችሁ ስም ልትሰጡት ሞክሩ። አይቀበልም። ምንም ጉዳት የለውም፤ ከልጆች ጋር መሞከር ትችላላችሁ። ለዕቃ የተሰጠ ስም ከ40 ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ እስካሁን እንደተያዘ ነው። ሶፍትዌር እንደ አሮጌ ቤት ነው፤ አያቶች የሠሩት ግድግዳ የልጅ ልጆች ሳሎን ውስጥ ይገኛል።

"ከውስጥ" የሚለው ቃል

ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ክፍተት "ሎካል" ይሉታል። ሎካል ማለት አጥቂው ከሩቅ በኢንተርኔት ሳይሆን እዚያው ማሽኑ ላይ ሆኖ የሚያደርሰው ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ለስህተቱ የሚሰጠው ክብደት ዝቅ ያለ ነው። ሐሳቡ "ኮምፒውተርህ ፊት የተቀመጠ ሰው ሊጎዳህ ከፈለገ ገመዱን መንቀል ይችላል፤ ስለዚህ ይህ ምን ያስጨንቃል?" የሚል ነው። ለአንድ ድርጅት፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ማሽን ላለው ቢሮ፣ ይህ ሚዛን ያስኬዳል።

የእኛ ቤት ግን እንደዚያ አይደለም። በእኛ ቤት አንድ ላፕቶፕ ለሁሉም ነው። አባት የእድር ዝርዝር ይጽፉበታል፤ እናት የኢሚግሬሽን ፎርም ይሞሉበታል፤ ልጅ የቤት ሥራ ይሠራበታል፤ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ፌስቡክ ያይበታል። እሑድ ቡና ሲፈላ የጎረቤት ልጆች ጌም ይጫወቱበታል። "ውስጥ" የሚባለው ሰው ሁላችንም ነን። ክፉ ሰው አያስፈልግም፤ ማወቅ የሚወድ የ11 ዓመት ልጅ ይበቃል።

ከዚህም በላይ፣ ሎካል የሚለው ቃል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የ2017ቱን ስህተት አንድ ድረ ገጽ እንደ ፎቶ አድራሻ አድርጎ ሊደብቀው ይችል ነበር። ብሮውዘሩ ፎቶ የሚከፍት መስሎት ያንን አድራሻ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ይጠራል፤ ማሽኑም ቀጥ ይላል። አንዳንድ ብሮውዘሮች እንዲህ ያለውን ጥያቄ አያሳልፉም፤ ሌሎቹ ግን ያሳልፉ ነበር። ያኔ ከውስጥ የነበረው ችግር በሩን ከፍቶ ወደ ውጭ ወጣ ማለት ነው።

ስልክም አይቀርለትም

"እኔ ኮምፒውተር የለኝም፤ ሁሉን ነገር በስልኬ ነው" የምትሉ አላችሁ። ለእናንተም ታሪክ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የበጋ ሳምንታት አንድ ውብ የሐይቅ ፎቶ በኢንተርኔት ዞረ። ፎቶው የተነሳው ከእኛ በስተሰሜን፣ ከዋዮሚንግ ቀጥላ ባለችው ሞንታና፣ ግሌሲየር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባለው ሴንት ሜሪ ሐይቅ ነው። ተራራ፣ ደመና፣ ውሃ፤ የእኛውን የሮኪ ተራሮች የሚመስል። ይህን ፎቶ በአንዳንድ የአንድሮይድ 10 ስልኮች ላይ የስክሪን ጀርባ አድርጎ ያስቀመጠ ሰው ስልኩ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። ሴቲንግስ ገብቶ ፎቶውን ለመቀየር እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ብዙዎች ስልካቸውን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ከአዲስ ለመጀመር ተገደዋል፤ በውስጡ የነበረውን ፎቶና መልእክት ይዞ።

ምክንያቱ ቫይረስ አልነበረም፤ ፎቶግራፈሩም ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። ፎቶው ስልኮች ከለመዱት የሰፋ የቀለም ዓይነት ይዞ ነበር። ስልኩ የእያንዳንዷን ነጥብ ድምቀት እየለካ ከ0 እስከ 255 ቁጥር በተሰጣቸው ሣጥኖች ውስጥ ይከታል። ከዚህ ፎቶ የሆነች ነጥብ ስትሰላ ከ255 አለፈች። 256 የሚባል ሣጥን የለም። ፕሮግራሙ የሚያደርገው ጠፍቶት ወደቀ። የወደቀው ፕሮግራም ደግሞ የስልኩን ስክሪን የሚያዘው ስለሆነ ስልኩ አብሮት ወደቀ። ሲነሳ ያንኑ ፎቶ ያገኛል፤ እንደገና ይወድቃል። አንድሮይድ 11 ሲወጣ ቀለሙን አስቀድሞ ወደለመደው ዓይነት ስለሚቀይር ይህ ችግር ቀረ። አፕዴት የማይደርሰው ስልክ ግን እዚያው ነው።

አዲስ ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። አዲስ ሲስተም ስህተት የለበትም ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። በጃንዋሪ 2021 በዊንዶውስ 10 ላይ ራሱ የ2017ቱ የአጎት ልጅ የሆነ ስህተት ተሰማ። አንዲት አጭር መስመር ሲስተሙን "ዲስክህ ተበላሽቷል" ብላ ታስደነግጠውና ሪስታርት ያስጠይቀዋል። ለዚህም የማሽኑ አለቃ መሆን አያስፈልግም፤ ተራ ተጠቃሚ ይበቃል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በኤፕሪል 2021 ማስተካከያው ወጣ፤ አፕዴት ባልዘጉ ሰዎች ማሽን ላይም ባለቤቱ ምንም ሳያደርግ ተጫነ። አብዛኛው ሰው ስህተቱ እንደነበረ እንኳ ሳያውቅ አለፈ።

ስለዚህ ኮምፒውተር አሮጌ የሚባለው በተገዛበት ዓመት አይደለም። የሚጠግነው ሰው ሲያጣ ነው የሚያረጀው። ዊንዶውስ 7 ይህ የሆነበት በጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። ዊንዶውስ 8.1 በጃንዋሪ 10 ቀን 2023 ተከተለው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ተራው ደረሰ። ከእነዚህ ቀኖች በኋላ ማሽኑ እንደ ድሮው ይበራል፣ ይሠራል። ነገር ግን ነገ አንድ ሰው አዲስ ክፍተት ቢያገኝ የሚደፍነው የለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው።

ታዲያ ለምን አንለቃቸውም?

ጋሼን "ለምን እስካሁን ይህን ይዘው ቆዩ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። የጠበቅኩት ስለ ዋጋ ይነግሩኛል ብዬ ነበር።

"ልጄ፣ የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ የ20 ዓመት ቃለ ጉባኤ፣ ያለፉት ሰዎች ስም ሁሉ እዚህ ነው ያለው። ልጄ አዲስ ኮምፒውተር ገዝቶልኝ ነበር። ፋይሉን እዚያ ስከፍተው ፊደሉ ሁሉ የእንግሊዝኛ ቆሻሻ ሆነብኝ። መለስኩለት" አሉኝ።

ይህ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው፤ የብዙ ማኅበርና የብዙ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤትም ታሪክ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ፣ በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ እየደረቡ ያስቀምጡ ነበር። ሁሉም በየራሱ መንገድ ነበር የሚደርበው። ፎንቱ ከሌለ ከሥሩ ያለው የእንግሊዝኛ ምልክት ብቅ ይላል። ጋሼ "ቆሻሻ" ያሉት እሱን ነው። እነዚያ ፕሮግራሞች ባይኖሩ በእነዚያ ዓመታት በአማርኛ መጻፍ ባልቻልንም ነበር፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ዛሬ ግን ጽሑፉን ከማሽኑ ጋር አስረው አስቀርተውታል። ሰውዬው ያልለቀቁት ላፕቶፑን አይደለም፤ ያለፉትን ሰዎች ስም ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት ቅጂ። ፎቶ፣ የፓስፖርትና የልደት ወረቀት ስካን፣ የግብር ሰነድ፣ የእድርና የማኅበር ዝርዝር በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከላፕቶፑ ውጭ ይሁን። በድሮ የአማርኛ ፎንት የተጻፈውን ደግሞ አሮጌው ማሽን እየሠራ ሳለ ወደ ፒ ዲ ኤፍ ቀይሩት። ፒ ዲ ኤፍ ሲሠራ ፎንቱን በውስጡ ይዞ እንዲሄድ ምርጫው መብራቱን አረጋግጡ፤ ከዚያም በሌላ ኮምፒውተር ከፍታችሁ ፊደሉ በትክክል መነበቡን እዩ። ከተነበበ ማንበብ ሁልጊዜ ይቻላል፤ ማስተካከል ለሚያስፈልገው ሰነድ በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ይቻላል። ለወጣቶች ጥሩ የበጋ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ማሽናችሁ ምን እንደሆነ እወቁ። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ግቡ። ዊንዶውስ 11 ካለ አፕዴቱን አትዝጉ። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ማይክሮሶፍት ለቤት ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚቆይ ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት አዘጋጅቷል። 30 ዶላር ከፍሎ መግባት ይቻላል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ሴቲንግስን ባክአፕ ለማድረግ ለሚፈቅድ ደግሞ ያለ ክፍያ ነው። በሴቲንግስ ውስጥ የዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ይህ ጊዜ መግዣ እንጂ ዘለቄታ ያለው መፍትሔ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን መሸከም ካልቻለ ወደ ቆሻሻ ከመወርወሩ በፊት ሊኑክስ ይሞከር። ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ በነጻ ይጫናል፣ አፕዴት ይደርሰዋል፣ በአማርኛም ይጻፍበታል። ለኢንተርኔት፣ ለቤት ሥራና ለደብዳቤ ይበቃል። አንድ የኮምፒውተር ሰው ካወቃችሁ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

አራተኛ፣ ለልጆች የራሳቸውን አካውንት ክፈቱላቸው። ሳልዋሽ ለመናገር፣ እላይ ያወራሁላችሁን ዓይነት ስህተት ይህ አያቆመውም፤ እሱ በተራ አካውንትም ይሠራ ነበር። ሌሎች ብዙ ስህተቶችን ግን ያቆማል፤ የአባትን ፋይል ከልጅ ጌምም ይለያል። ለልጆቹም "ጓደኛህ ጻፍ ያለህን ነገር የቤቱ ኮምፒውተር ላይ አትጻፍ" ብላችሁ ንገሩ። መሞከር የሚወድ ልጅ ካላችሁ ደግሞ አሮጌውን፣ ምንም ሰነድ የሌለበትን ማሽን ስጡትና ይሞክርበት። ብዙ መሐንዲስ የወጣው እንደዚያ ነው።

አምስተኛ፣ ማሽኑ እውነትም ካለቀለት በአግባቡ ይሰናበት። ኮሎራዶ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ኮምፒውተርና የመሳሰለውን ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል በሕግ የተከለከለ ነው። ዲስኩን አጥፍታችሁ ወይም አውጥታችሁ ኤሌክትሮኒክስ ለሚቀበሉ ቦታዎች ስጡ። እስኪተካ ድረስ ደግሞ በአውሮራም ሆነ በዴንቨር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በነጻ የሚያገለግሉ ኮምፒውተሮች አሉ። ባንክና ኢሚግሬሽን የመሰለ ነገር ከጨረሳችሁ በኋላ ከአካውንታችሁ መውጣታችሁን ብቻ እርግጠኛ ሁኑ።

ሻንጣው ውስጥ ያለው ላፕቶፕ

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ሻንጣ ነው። ከዴንቨር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ሁለት አሮጌ ስልክ የማይጠፋበት ጊዜ ጥቂት ነው። "ለእኔ አርጅቷል፤ ለእህቴ ልጅ ይሆናል" እንላለን። እኔም ብያለሁ፤ አድርጌዋለሁም። ሐሳቡ መልካም ነው።

ነገር ግን እዚህ ያረጀ ማሽን እዚያ ሲደርስ ወጣት አይሆንም። እዚህ ቀጥ ቢል ሌላ ማሽን አለ፤ ስልክ አለ፤ ቤተ መጻሕፍት አለ። የእህታችን ልጅ ግን የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፈው በእሱ ብቻ ነው። ስንት ጊጋ የሚሆን አፕዴት ለማውረድ የምትገዛው ዳታ ከኪሷ ነው፤ መብራትም በየመሐሉ ሊሄድ ይችላል። ፍላሽ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ፣ ከኢንተርኔት ካፌ ወደ ቤት ይዞራል። በአንድ ማሽን ላይ ስንት እጅ እንዳለ አስቡት። እኛ "ሎካል ነው፣ ቀላል ነው" ያልነው ስህተት ከባድ የሚሆነው እንዲህ ባለ ቤት ነው።

ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ መድቡለት። የራሳችሁን ፋይል አውጡ፤ ማሽኑን ከአዲስ ጫኑ፤ አፕዴቱን እዚሁ ጨርሱ፤ የአማርኛ ኪቦርዱን አብሩ። የማይታደስ ከሆነ ሊኑክስ ጫኑበት። ስልኩም የደኅንነት አፕዴት መቼ እንደደረሰው ሴቲንግስ ውስጥ እዩ፤ ከዓመታት በፊት የቆመ ከሆነ የባንክና የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ እንዳይጫንበት ንገሯቸው። ስጦታው የሚሠራ ዕቃ ይሁን እንጂ ችግር አይሁን።

ወደዚያ ቅዳሜ ማታ ልመለስ። ጋሼ ቁርጥራጩን ወረቀት አልጣሉትም ነበር፤ የድሮ ሰው ወረቀት አይጥልም። ልጁን ከሶፋው አስነሥተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። እሱ ስሞቹን እየተንተባተበ አነበበልን፣ ጋሼ አነባበቡን አረሙት፣ እኔ በራሴ ላፕቶፕ ጻፍኩ። በየ10 ስሙ "ሴቭ አደረግክ?" እያለ የሚጠይቀኝ ልጁ ነበር። ከእኩለ ሌሊት ትንሽ ሲቀረው ጨረስን። እሑድ ዝርዝሩ ለኮሚቴው ቀረበ፤ መዋጮው ሙሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሮጌው ላፕቶፕ ከኢንተርኔት ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ደንቡም፣ ቃለ ጉባኤውም፣ ያለፉት ሰዎች ስምም ወደ ፒ ዲ ኤፍ ተቀይሮ በሁለት ዲስክ ላይ አለ፤ አንዱ ጋሼ ዘንድ፣ አንዱ ሊቀ መንበሩ ዘንድ። እናንተስ የቤታችሁ ዝርዝር የት ነው ያለው? በዚህ ሳምንት መጨረሻ አንድ ሰዓት ስጡትና እዩት።

ለሳምንት በቸር ያገናኘን።